በረዶ ላይ ዓሣ ለማጥመድ ስትወጡ የሚያሞቅ ምን ትይዛላችሁ?

የሴንት ፖል ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም።

የምኖረው ሚኔሶታ ነው፤ ሴንት ፖል። ዘንድሮ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ አስጀመረኝና ልቤ እዚያው ቀረ። እስካሁን ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ፣ በረዶውን በመሰርሰሪያ በስተን፣ ትንሽ ሰሃን በምታክል ቀዳዳ ክር ሰድደን ቁጭ ስንል ያለው ጸጥታ ሌላ ነው።

ችግሬ ብርዱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዋይት ቤር ሐይቅ ላይ ነበርን። ጠዋት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር፤ ነፋሱ ሳይቆጠር። ቡና በወተት አፍልቼ ክዳን ባለው የቢሮ ኩባያ ይዤ ነበር። ግማሹን እንኳ ሳልጠጣ ቀዘቀዘ። ለምሳ የያዝኩት ፍርፍር በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ደርቆ ማንኪያ አልገባ አለው። ረፋዱ ላይ ዓሣው መያዝ ሲጀምር የኔ ጣቶች መንጠቆ ማሰር አቅቷቸው ነበር። "እንሂድ" አልኩት ባልደረባዬን። ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ ሁለት ይዞ ነበር፤ ቅር እያለው አብሮኝ ተነሣ። ይሄ እስካሁን ይከነክነኛል።

ልብሱን አስተካክያለሁ። ጫማውም ጥሩ ነው። የጎደለኝ ሆድ ውስጥ የሚገባው ነው። ባልደረባዬ የታሸገ የዶሮ ሾርባ ነው የሚይዘው። ቀመስኩት፤ ጨው ጨው ይላል። እኛ ደግሞ አጥሚት ያለን፣ በሶ ያለን፣ የአጥንት ሾርባ ያለን ሰዎች ነን። እናንተ ምን ትይዛላችሁ? ሳይቀዘቅዝስ እስከ ምሳ እንዴት ይቆይላችኋል? ዐቢይ ጾም ሲገባም መውጣት ስለምፈልግ የጾሙንም ንገሩኝ።

አንድ ሌላ ጥያቄ። ድንኳን አለን። ትንሽ ከሰል አያይዞ እዚያው ጀበና መጣድ ይቻላል?

መንጠቆ (ሚኒያፖሊስ)

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፤ እሱ ቀልድ የለውም። ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። በጭራሽ። ከሰል አንድደው በር ዘግተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። የበረዶ ድንኳንም ያው ዝግ ቤት ነው፤ እንዲያውም ከቤት የጠበበ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣብህ "ብርዱ ነው" ብለህ ታልፈዋለህ። የጋዝ ማሞቂያም ቢሆን የድንኳኑን የአየር መግቢያ ከፍተህ፣ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሰቅለህ ነው። ጀበናውን ቤት አፍላና በፔርሙስ ይዘህ ውጣ። ከድንኳን ውጭ፣ ሜዳው ላይ ማፍላት ከፈለግክ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ፔርሙሱ። እኔ በረዶ ላይ መውጣት ከጀመርኩ 14 ክረምት ሆኖኛል። ብዙ ሰው "ፔርሙሴ አይረባም" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የአሞላሉ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ያደረ ብረት ውስጥ ትኩስ ሾርባ ብትገለብጥ የመጀመሪያውን ሙቀት የሚበላው ብረቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚንፈቀፈቅ ውሃ ሙላበት፣ ክደነው፣ 10 ደቂቃ ተወው። ከዚያ ውሃውን ድፋና ወዲያው ከእሳት የወረደውን ሾርባ ሙላበት። ወዲያው ነው ያልኩት። አንገቱ ድረስ ሙላው። ግማሽ ድረስ የተሞላ ፔርሙስ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ሁለት ፔርሙስ ያዝ። አንዱ አንገቱ ጠባብ፣ ለሻይና ለቡና። ሌላው አፉ ሰፊ፣ ለሾርባ። ጠባቡን በየሰዓቱ ትከፍተዋለህ፤ ሰፊውን ምሳ እስኪደርስ አትነካውም። በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል።

ሁለቱንም በረዶው ላይ አታስቀምጣቸው። እኔ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ፣ በጋ ላይ ለስላሳ የማቀዘቅዝበት ሳጥን ውስጥ እከታቸዋለሁ። ያ ሳጥን ቅዝቃዜ እንዳይወጣ እንደሚያደርገው ሁሉ ቅዝቃዜ እንዳይገባም ያደርጋል። ሌሊት 11 ሰዓት የሞላሁት ሾርባ ቀን 6 ሰዓት ላይ ሲከፈት ይጨሳል።

ከመውጣትህ በፊት አንድ ቀን ቤትህ ሞክረው። ጠዋት ሞልተህ ምሳ ሰዓት ላይ በምግብ ቴርሞሜትር ለካው። ከ60 ዲግሪ በታች ከወረደ ወይ ፔርሙሱ አርጅቷል ወይ የክዳኑ ጎማ አልቋል። 60 ያልኩት በግምት አይደለም። ከዚያ በታች ለብ ብሎ የሚቆይ ሥጋ፣ ምስርና ሩዝ ባክቴሪያ ያራባል።

የሴንት ፖል ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የከሰሉን ነገር ተውኩት። እንኳን ጠየቅኩ።

የአጃ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ልጄ፣ እኔ ዓሣ አላጠምድም። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ ግን ክረምት ከበጋ ውሃ ዳር ናቸው። አጥሚቱን የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ ይሄን ለኔ ተውልኝ።

አጥሚት አራስና ሕመምተኛ ብቻ የሚጠጣው የሚመስላቸው አሉ። ለደከመ ሰው የተፈጠረ መጠጥ ነው። ብርድ ደግሞ ያደክማል።

የኔ አሠራር እንዲህ ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ አራት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት። ለአልጋ ሰው ሲሆን ስድስት አደርገዋለሁ፤ ለፔርሙስ ግን አራት ይበቃል፤ ምክንያቱም እያደረ ይጠነክራል። ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው። ትኩስ ውሃ ላይ ከጣልከው ይጓጉላል፣ ከዚያ በኋላ ብትማስለውም አይፈታም። የበጠበጥከውን በቀጭን ወንፊት አጥልለውና የፈላው ውሃ ላይ እያማሰልክ ጨምረው። ዝንጅብል አውራ ጣት የሚያህል ጨቅጭቀህ ጣልበት። እሳቱን ቀንስ። ከ20 ደቂቃ በታች አታውርደው። መድረሱን የምታውቀው በአፍንጫህ ነው። መጀመሪያ የጥሬ ዱቄት ሽታ አለው፤ ሲበስል ያ ይጠፋና የተቆላ እህል መሽተት ይጀምራል። መልኩም ከነጭነት ወደ ዕንቁ መልክ ይሄዳል፣ ማንኪያው ጀርባ ላይ ሲፈስም ይሳባል። ያኔ ኮረሪማ ነካ አድርግበት፣ አውርደው፣ ማሩን ከወረደ በኋላ ጨምር። ጨው ቁንጥር አትርሳ፤ ያለ ጨው አጥሚት አፍ ላይ አይቆምም።

ከሻይ ይልቅ አጥሚት የሚሻልበት ምክንያት አለው። ሻይ ያሞቅሃል ግን ሆድህ ባዶ ነው። አጥሚት እህል ነው። ወፍራም ስለሆነም ፔርሙስ ውስጥ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ስስ ነገር ውስጥ ትኩሱ ወደ ላይ ቀዝቃዛው ወደ ታች እየተገላበጠ ሙቀቱ ይሄዳል፤ ወፍራም ነገር ግን ባለበት ይቀመጣል።

ወተት አትጨምርበት። ቤት ውስጥ ሲሆን በወተት ደስ ይላል። ፔርሙስ ውስጥ ግን ይበላሻል፣ የክዳኑ ጎማ ሥር ይገባና ሽታው ለወራት አይለቅም። የልጄን ፔርሙስ በዚህ ምክንያት ጥያለሁ።

ለጾም ያው ነው፤ ቅቤ የሚጨምርበት ሰው ብቻ ቅቤውን ይተዋል።

የዲንሾ ልጅ (ባሌ)

እኔ ከሀገር ቤት ነኝ። ስለ በረዶ ዓሣ አላውቅም፣ ብርድ ላይ ዓሣ ማጥመድን ግን አውቃለሁ።

ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አልፎ ነው ያለችው። እዚህ ያለው ትራውት የሀገራችን ዓሣ አልነበረም፤ ከኬንያ መጥቶ ወንዞቻችን ውስጥ ተለቀቀና በቀዝቃዛው ውሃ ተመቸው። ወይብ ወንዝ ላይ እንግዳ ይዤ የምወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ይገርፋል። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ብሎ ታገኘዋለህ፣ ስትረግጠው ይንኳኳል። እንግዶቹ አፍሪካ ነው ብለው ስስ ጃኬት ይዘው ይመጣሉ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ።

እኛ የምንይዘው የጦስኝ ሻይ ነው። ጦስኝ እዚህ ደጋው ላይ ይበቅላል፤ ሮቤ ገበያ ደርቆ በእፍኝ ይሸጣል። የባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ መልቀም ስለማይፈቀድ ከገበያ ነው የምገዛው። ውሃው ሲፈላ ከእሳት አውርደህ ጦስኙን ትጥልበታለህ፣ ትከድናለህ፣ ለአምስት ደቂቃ ትተወዋለህ። አብሮ ሲፈላ ይመርራል። በስኳርም በማርም ይሆናል። ሽታው ብቻውን ደረት ይከፍታል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ 100 አይደርስም። ሰነቴ አምባ ላይ ከወጣህ፣ 4,000 ሜትር፣ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ ፔርሙሳችን ገና ሲሞላ ከናንተ 10 ዲግሪ የቀዘቀዘ ነው። ምስርና ባቄላም ቶሎ አይበስልም። ባለቤቴ ምስሩን ማታ ዘፍዝፋ ታሳድራለች፣ ያለዚያ ጠዋት አይደርስም።

ለሆድ ደግሞ ጩኮ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራው ነው። አማርኛ ተናጋሪው በሶ በቅቤ ይለዋል። ጭብጥ ጭብጥ አድርገህ በላስቲክ ጠቅልለህ ደረት ኪስህ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ። የጃኬቱ ውጭ ኪስ ውስጥ ካለ ቅቤው ይደርቅና እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ደረትህ ላይ ግን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ሁለት ጭብጥ የበላ ሰው እስከ ቀትር አይርበውም። የሴንት ፖሉ ወንድሜ፣ ለናንተ ብርድ ከሁሉም የሚስማማው ይሄ ይመስለኛል። ውሃ ስለሌለው በረዶ አይሆንም።

ሌሊት አዳሪ (ዴንቨር)

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን አንድ መለኪያ አረቄ የሚያክለው የለም። አያቴ ደጋ ላይ በሬ ጠብቆ ሲያድር የሚይዘው እሱን ነበር። እኔም ኮሎራዶ ተራራ ላይ ስወጣ በትንሽ ጠርሙስ ኮሶ አረቄ እይዛለሁ። ስትጠጣው እግር ጥፍርህ ድረስ ይሰማሃል።

ነርሷ ከኦስሎ

ወንድሜ፣ በአያትህ አልመጣም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ግን የሚሰማህ ሙቀት ከየት እንደመጣ ልንገርህ።

ሰውነት ሲበርደው ቆዳ ላይ ያሉትን የደም ሥሮች ያጠብባል። ሙቁን ደም ለልብ፣ ለሳንባ፣ ለጉበት ያስቀምጣል። ለዚህ ነው ጣት ቀድሞ የሚበርደው። አልኮል ስትጠጣ እነዚያ የተጠበቡ ሥሮች ይከፈታሉ። ሙቁ ደም ወደ ቆዳ ይወጣል፣ ቆዳህ "ሞቀኝ" ይልሃል። ሙቀቱ ግን ወደ ውጭ እየሄደ ነው። ውስጥህ ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ አልኮል መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፤ መንቀጥቀጥ ደግሞ ሰውነት ሙቀት የሚያመርትበት መንገድ ነው። ፍርድህንም ያዛባል፤ "አሁን ልሂድ" ማለት ያለብህን ሰዓት ያስረሳሃል። አረቄውን ቤት ስትመለስ፣ ሙቅ ክፍል ውስጥ ጠጣው።

እዚህ ኖርዌይም በረዶ ላይ ዓሣ ይጠመዳል። እኔ ራሴ በፋሲካ ሰሞን ከቤተሰብ ጋር ወጥቻለሁ። የምይዘው ትኩስ ነገር ሁሉ ጣፋጭ ነው፤ ምክንያቱም የሚንቀጠቀጥ ጡንቻ ስኳር ይበላል። ማር የገባበት አጥሚት፣ ስኳር የበዛበት የዝንጅብል ሻይ፣ ካካዎ።

ቡና ላይ አልከራከርም፣ እኔም ያለ ቡና አልወጣም። ግን ከሁለት ስኒ በኋላ ይብቃ። ብርድ ራሱ ሽንት ያበዛል፤ ቡናው ሲጨመርበት ያን ሁሉ ልብስ በረዶ ላይ ማውለቅ ይመጣል፣ በተለይ ለሴት። ብርድ ጥማትንም ይደብቃል። ሳይጠማችሁም ጠጡ።

የጓደኛችሁ አነጋገር ከተኮላተፈ፣ እጁ ዚፕ መዝጋት ካቃተው፣ ወይም ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ መንቀጥቀጡን ካቆመና ግራ ከተጋባ፣ ዓሣውን ተዉት። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች መውረዱ ሊሆን ይችላል። ለእርዳታ ሰው ጥሩ፣ ከነፋስ አስገቡት፣ እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ ጠቅልሉት። ትኩስና ጣፋጭ ነገር ስጡት፣ ግን ነቅቶ ራሱ መዋጥ ከቻለ ብቻ። የፈዘዘ ሰው አፍ ውስጥ ሾርባ አይንቆረቆርም፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ሌሊት አዳሪ

እህቴ፣ አመሰግናለሁ። የመንቀጥቀጡን ነገር አላውቅም ነበር። አረቄው መኪና ውስጥ ይቀራል።

ሾርባ በቤቴ (ካልጋሪ)

ሾርባ እኮ ገና አልተነሣም! እኔ ልጀምር።

የበግ አንገትና ቅልጥም አንድ ኪሎ ገደማ። ሦስት ሊትር ውሃ። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ሲፈላ የሚወጣውን አረፋ በደንብ ግፈፉ፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሳችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ተዉት። ማታ የተዘፈዘፈ ክክ ገብስ አንድ ኩባያ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይገባል። ካሮትና ድንች እንደ ሽምብራ ፍሬ አድቅቃችሁ ቁረጡ፤ በወፍራም ጓንት ማንኪያ ስለማይያዝ ሾርባው በቀጥታ ከኩባያ መጠጣት አለበት። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ። አጥንቱን አውጡ፣ ሥጋውን ፈልፍላችሁ መልሱ።

ስቡን አታስወግዱት። ቤት ስትበሉ ሐኪም ያለውን ስሙ፤ በረዶ ላይ ግን ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ስብ ያስፈልጋችኋል። ገብሱም ያወፍረዋል፤ የአጃ እናት ስለ አጥሚት ያሉት ለሾርባም ይሠራል።

ለጾም የምስር ክክ ሾርባ። ሽንኩርት በዘይት በደንብ ቁሉ፣ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ኩባያ ክክ፣ አምስት ኩባያ ውሃ። ሲፈርስ ምቱት። ሎሚውን ፔርሙስ ውስጥ አትጨምሩ፤ ቆራርጣችሁ ይዛችሁ ኩባያው ላይ ጭመቁ። ፈሰስ ያለ ሽሮም ይሆናል፣ ግን ከምስሩ የበለጠ ይጠነክራልና ውሃውን ጨመር አድርጉ።

እኔ ከበግ ሾርባው ላይ ሚጥሚጣ አበዛለሁ። ግንባሬ ላብ እስኪል ድረስ። ያኔ ነው የሚሞቀኝ።

መንጠቆ

በሾርባው እስማማለሁ፣ በሚጥሚጣው አልስማማም። ላብ በረዶ ላይ ጠላት ነው። የውስጥ ልብስህ ከረጠበ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጥፍ ይበርድሃል። እኔ በርበሬም ሚጥሚጣም ቤት ትቼ ነው የምወጣው። ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ይበቃል።

ሾርባ በቤቴ

ካልጋሪ ላይ ዘጠኝ ክረምት በሚጥሚጣ ወጥቻለሁ። መጠኑን ማወቅ ነው እንጂ መተው አይደለም።

ነርሷ ከኦስሎ

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። የሚያቃጥል ቅመም የሙቀት ስሜት ይሰጣል፣ ያልባልም። ላብ ካላመጣባችሁ ችግር የለውም። ቁጭ ብሎ ለሚያጠምድ ሰው ቁንጥር ይበቃል፤ መንሸራተቻ እየጎተተ ለሚሄድ ሰው እኔም አልመክርም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ከናንተ ጋር የሚወዳደር ብርድ የለንም። ግን ታኅሣሥና ጥር ላይ ከንጋት በፊት በታንኳ ለወጣ ሰው ሐይቁ ላይ ያለው ንፋስ ቀላል አይደለም። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ከወገብ በታች ትረጥባለህ። አባቴ ለቆሮሶና ለአምባዛ መረብ ሊጥል ሲወጣ የሚይዘው የበሶ ዱቄት ነበር። እናቴ ትኩስ ውሃውን በፔርሙስ ለየብቻ ትሰጠዋለች። ታንኳው ላይ ሆኖ ኩባያው ውስጥ በማር ይበጠብጠዋል። አስቀድሞ ከተበጠበጠ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ጣዕሙም ይሄዳል። ለየብቻ መያዙ ነው ዘዴው። ለሚኔሶታም ይሠራል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሐዋሳ ነኝ

የያዛችሁትን ዓሣ ጭንቅላት አትጣሉ! እኛ ዘንድ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጠዋት ጠዋት የዓሣ ሾርባ የሚሸጡት ሴቶች ከጭንቅላቱና ከአከርካሪው ነው የሚሠሩት። ለሚቀጥለው ጉዞ ሾርባ ካለፈው ጉዞ ዓሣ ይሠራል። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት በዛ ማለት አለበት።

መንጠቆ

ጥሩ ሐሳብ ነው። ለአዲሶች አንድ ነገር ልጨምር፦ ዓሣውን እዚያው በረዶ ላይ አትቆራርጡት። የመጠን ገደብ ባላቸው ዓሦች ላይ ጭንቅላትና ጅራት ሳይነካ እንዲቆይ የሚያዝ ሕግ አለ፤ የግዛታችሁን ደንብ አንብቡ። ቤት ወስዳችሁ ነው የምትሠሩት።

የጾሙን ነገር ላነሣኸውም ወንድሜ፣ ሚኔሶታ ውስጥ አብዛኞቹ ሐይቆች ላይ የዎልአይ ማጥመጃ ጊዜ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ወይ ሊዘጋ ነው ወይ ተዘግቷል። ክራፒና ፐርች የሚባሉት ዓሦች ግን ይቀጥላሉ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ቀኑ ይለሰልሳል፣ በረዶው ይሳሳል። ሁልጊዜ ለካ። ለእግረኛ ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር። ነጭና ወተት የመሰለው በረዶ ግማሽ ጉልበት ነው ያለው፤ እሱ ላይ እጥፍ ውፍረት ያስፈልጋል።

የሴንት ፖል ልጅ

ተመልሻለሁ። ቅዳሜ ሚል ላክስ ሐይቅ ሄድን፣ ከሴንት ፖል ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ገደማ መንገድ። በረዶው 14 ኢንች ነበር፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 21።

ሌሊት 10 ሰዓት ተነሣሁ። ሁለቱንም ፔርሙስ በፈላ ውሃ አሞቅኩ። በጠባቡ አጥሚት፣ በሰፊው የበግ ሾርባ። ጩኮ የሚሠራልኝ ስላላገኘሁ በሶውን በቅቤ ራሴ አሸሁት፤ አራት ጭብጥ ሆኖ ደረት ኪሴ ገባ። ሁሉንም በጋቢ ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ኩባያ አጥሚት ቀዳሁ። እንፋሎቱ ጺሜ ላይ ወጥቶ እዚያው በረዶ ሆነ። ኩባያውን በሁለት እጄ ይዤ ጣቶቼ ሲመለሱ ይታወቀኝ ነበር፤ መጀመሪያ መውጋት፣ ከዚያ መሞቅ። ባልደረባዬ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። "አጃ ነው፣ ለደከመ ሰው" አልኩት። አንድ ኩባያ ጠጣ፣ ቀጥሎ ዝም ብሎ ኩባያውን ዘረጋልኝ።

3 ሰዓት ላይ አንድ አንድ ጭብጥ በሶ በላን። ሾርባውን የከፈትነው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቴርሞሜትር ይዤ ነበር፤ 71 ዲግሪ። ድንቹን እንደ ሽምብራ መቁረጥ ያላችሁት ልክ ነው፣ ጓንቴን ሳላወልቅ ጠጣሁት። ሚጥሚጣ አልጨመርኩም።

ከቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ቆየን። እኔ አንድ ዎልአይና አራት ፐርች፣ እሱ ሦስት ዎልአይ። የመጨረሻውን መንጠቆ ያሰርኩት በባዶ ጣቴ ነው፤ ጣቴ ታዘዘልኝ። ባለፈው በኔ ምክንያት የቀረበትን ሰዓት የመለስኩለት መሰለኝ።

አንድ ችግር ግን ገጠመኝ። አጥሚቱ ላይ ቅቤ ጨምሬ ነበር። ወደ ረፋዱ ላይ የፔርሙሱ መቅጃ ቀዳዳ ውስጥ ቅቤው ረጋና አልወርድ አለ። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ ስቀዳ ብዙ ሙቀት ወጣ። ምን ላድርግ?

የአጃ እናት

ልጄ፣ እንኳን በሰላም ተመለስክ። ቅቤውን ፔርሙስ ውስጥ አትጨምረው። በትንሽ ዕቃ ለብቻ ያዝና እንደ በሶው ደረትህ ላይ አስቀምጠው። ስትቀዳ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኩባያው ላይ ጣል ታደርጋለህ፣ ወዲያው ይቀልጣል። መቅጃውን ደግሞ ዛሬውኑ ፈታተህ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠበው። ቅቤው ጎማው ሥር ካደረ አይለቅህም።